ሳይባንኑ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አየሁ። ሰባት ኪሎ የሚያጥብ፣ ነጭ፣ ከፊት የሚከፈት። ዋጋው 4,850 ብር ይላል።

ማሽኑን አውቀዋለሁ። ለእናቴ ልገዛላት ወር ሙሉ ዋጋ ሳጠያይቅ ነበር። እዚሁ ሱቅ ራሱ በሳምንቱ መጀመሪያ 48,500 ብር ብሎ ለጥፎት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ቅናሽ ነው ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተሳሳትኩም። አንድ ዜሮ ወድቋል፣ አለቀ።

መጀመሪያ ስክሪንሹት አነሳሁ። ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለትና ከሥሩ «ቶሎ በል፣ ሳይባንኑ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ሱቁ አፕ ተመልሼ «ብዛት» የሚለው ጋ ያለችውን የመደመር ምልክት ነካኋት። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። 9,700 ብር በሞባይል ከፈልኩ። ወዲያው «ትዕዛዝዎ ተረጋግጧል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ገባ። ሚስቴ አጠገቤ ተኝታለች። ቀስቅሼ ልነግራት አልኩና ተውኩት። ጥያቄ ታበዛለች።

ወንድሜ አራት አዘዘ። እሱ ነጋዴ ነው፤ አየር ባየር የሚባለውን ነገር ከእናቱ ሆድ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስለኛል። «አንዱን በ35 ሺህ ብጥለው እንኳ ብሮ…» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት በድምፅ መልእክት ሲያሰላ አመሸ።

እሑድ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። «የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልገዛልሽ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ውሃው የት አለና፣ ልጄ?» አለችኝ። እሷ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ይሄን እያወቅሁ ነው እንግዲህ። ሮቶ እናስተክላለን ብዬ አለፍኩት። ማሽኑ አንዴ ርካሽ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው የሚመስለው።

ሁለተኛዋ ማሽን

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ድምጿ የልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስሜን ጠርታ፣ ከሱቁ መሆኗን ነግራ፣ «ቅዳሜ ማታ የዋጋ ስህተት ስለነበረ ትዕዛዝዎ ተሰርዟል፤ ገንዘብዎ ይመለስልዎታል፤ ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን» አለችኝ። ወረቀት ላይ ተጽፎላት የምታነበው ነው የሚመስለው።

እኔም ተዘጋጅቼ ነበር።

«እንዴት ይሰረዛል? ተረጋግጧል ብላችሁ ልካችሁልኛል እኮ። ብሬንም ወስዳችኋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ እህቴ።»

«እሱን ሲስተሙ ነው የላከው፣ ጋሼ።»

«ሲስተሙ የማን ነው? የኔ ነው?»

ስክሪንሹቱ እጄ ላይ እንዳለ ነገርኳት። ቲክቶክ ላይ ብለጥፈው ማን እንደሚያፍር እናያለን አልኳት። አሁን ስጽፈው የማፍረው እኔ ነኝ። ያኔ ግን መብቱን የሚያውቅ ሸማች የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ትንሽ ቆይታ «ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። ጠይቂ አልኳት።

«ሁለት ማሽን ምን ያደርግልዎታል?»

ይሄ ወረቀቷ ላይ የተጻፈ አልነበረም።

«አንዱ ለእናቴ ነው» አልኩ።

«ሁለተኛውስ?»

«ለእህቴ።»

እህት የለኝም።

እኛ ቤት ደግሞ ማሽን አለ። ልጅቷ «እሺ ጋሼ፣ መልካም ቀን» ብላ ዘጋች። እኔ ስልኩን ይዤ ቢሮ መስኮት ሥር ቆሜ ቀረሁ። ማሽኑን ያጣሁት በዚያው ሰኞ ነው፤ እሱን ቶሎ ረሳሁት። ሳምንቱን ሙሉ ስታሳድደኝ የሰነበተችው ይቺ የሌለች እህቴ ናት። ለምን ዋሸሁ? በእርግጥ መብቴ ከነበረ «ርካሽ ስለሆነ ነው ሁለት ያዘዝኩት፣ ምን አገባሽ?» ማለት ይቻል ነበር። ሰው የራሱን ሲጠይቅ ዘመድ አይፈጥርም።

ሲንጋፖር፣ ሌሊት

ነገሩ አልለቅ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ጣጣ የገጠመው እኔን ብቻ አይደለም። ከሁሉም የያዘኝ ግን በፈረንጆቹ ጥር 2003 ሲንጋፖር ውስጥ የሆነው ነው።

አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሠራተኞቹን ያሠለጥናል። ለልምምድ የሚሞላ ዋጋ ሳይታሰብ እውነተኛው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚሸጠው የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተር 66 ዶላር ተባለ። ውድቅት ላይ ጓደኛሞች አዩት። ተደዋወሉ፣ ተጻጻፉ፣ ፍጠኑ ተባባሉ። ሲነጋ ስድስት ሰዎች ብቻቸውን 1,606 ፕሪንተር አዘዋል። ሻጩ አልሰጥም አለ፤ እነሱ ከሰሱ። ከመካከላቸው ጠበቃም ነበረበት፤ ይሄ ሁሌ ያስቀኛል።

በ2004 ተፈረደባቸው፣ ይግባኛቸውም በ2005 ውድቅ ሆነ። ከውጤቱ ይልቅ እኔን የነካኝ ዳኛው የሄደበት መንገድ ነው። «ማረጋገጫውን የላከው ማሽን ስለሆነ አይቆጠርም» ብሎ አልተገላገለም። ላይ ላዩን ሲታይ ውል አለ። የወደቀው ገዢዎቹ ስህተት መሆኑን እያወቁ ስለገቡበት ነው። ማወቃቸው እንዴት ታወቀ? የተጻጻፉት ተነበበ። ሰዓቱ ታየ። ብዛቱ ታየ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ መቶ ፕሪንተር ምን ያደርግለታል? የኛዋ ልጅ ሕግ ተምራ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

እኔን ያ ዳኛ ቢያገኘኝ ሦስት ደቂቃ አልፈጅበትም። ሰዓቱ አለ፣ ከሌሊቱ ዋዜማ። የመደመር ምልክቷ አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ በገዛ እጄ የጻፍኳት ቃል አለች። «ሳይባንኑ።»

ቃሏን ደጋግሜ አየኋት። የሚባንነው የተኛ ሰው ነው። እንግዲህ በራሴ አማርኛ ያልኩት፣ ሰው ተኝቷልና ሳይነቃ እንውሰድ ነው። «ቅናሽ አለ፣ ሳያልቅ ግዛ» አላልኩትም። ያ ሌላ ነው። «ሳያልቅ» የሚል ሰው የሚፈራው ሌላ ገዢ እንዳይቀድመው ነው። «ሳይባንኑ» የሚል የሚፈራው ባለቤቱን ነው። ሁለቱም ያው ያስቸኩላሉ፤ ጣትም እኩል ያንቀጠቅጣሉ።

የተጠራ ዋጋ

ለልጅቷ የወረወርኩባት ተረት ትክክለኛ ቦታው ገበያ ነው። መርካቶ ገብተህ ሻጩ 1,200 ሲልህ 700 ካልክ፣ እሱም ተከራክሮ ተከራክሮ «በቃ ውሰደው» ካለህ፣ ጥለህ መሄድ ነውር ነው። ጠርተኸዋላ! ከጠራህ ትገዛለህ። ሻጩም «ውሰደው» ብሎ አንተ ብር ስትቆጥር «ቆይ፣ ሦስት መቶ ጨምር» ቢልህ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ይፈርድልሃል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ግን እዚያው መርካቶ ሻጩ አፉን ስቶት ሁለት ሺህ ለማለት «ሁለት መቶ» ቢልህስ? ያኔ ማንም ተረት አይጠቅስም። «ምን አልክ?» ትለዋለህ። «ኧረ ሁለት ሺህ!» ይላል። ትስቃላችሁ። ስህተቱ እዚያው ሁለት ቃል ላይ ይሞታል፤ ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልከበረም። ኦንላይን ግን «ምን አልክ?» የሚለው ሰው የለም። እንዲያውም የለም ማለት ውሸት ነው። አፑ ላይ ከማሽኑ ፎቶ ሥር «ጥያቄ አለዎት?» የምትል ቦታ ነበረች። አይቻታለሁ። ያልነካኋት መልሱን ስለማውቀው ነው።

የሕጋችንም አነጋገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1687 ለሕዝብ የተበተነ የዋጋ ዝርዝርን ወይም ለሽያጭ የተደረደረ ዕቃን በራሱ እንደ ውል ማቅረቢያ አይቆጥረውም። ሱቁ ዋጋ ስለለጠፈ ብቻ ቃል ገባልኝ ማለት አልችልም። ያው ሕግ ግን ስህተት ነበር ብሎ ውል የሚያፈርሰውንም ዝም ብሎ አይለቀውም፤ ሌላኛው ወገን በመፍረሱ ከተጎዳ ኪሳራውን እንዲሸፍን ያዝዛል፣ ሌላኛው ስህተቱን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው ካልሆነ በቀር። ይቺን «በቀር» ካነበብኩ በኋላ ስክሪንሹቱን ማየት አስጠላኝ።

እናቴ በልጅነቴ የሰፈር ባለሱቅ መልስ አብዝቶ ሲሰጠኝ ትመልሰኝ ነበር። ሃምሳ ሳንቲምም ቢሆን። ይሄን የሁላችንም እናት አድርጋዋለች። ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቶ ያነሰ የውሃ ቢል ሲመጣ ግን ይቺው እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ መሶብ ሥር ትከታለች፤ አንድም ቀን ተሳስታችኋል ብላ ስትሄድ አላየሁም። ባለሱቁ ፊት አለው። ነገ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ታየዋለች። ቢሉ ፊት የለውም። እኔም አፑን ከቢሉ ጋር ነው የመደብኩት። ሰኞ ጠዋት ፊት አወጣና ደወለልኝ።

ተማሪዎቹን የሰደብኩ ጊዜ

መጋቢት 7 ቀን 2016 የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ነው። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ሲሮጥ፣ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሲረዝም አደረ። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ቅርንጫፎቹ ደጃፍ ላይ ለጠፈ።

ያን ሳምንት ቢሮ ውስጥ ከማንም በላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሌብነት ነው፣ ምን ዓይነት ትውልድ ነው፣ ቤተሰብ ምን አስተማረ… ያላልኩት የለም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ ብትሆን ታወጣ ነበር» ስትለኝ ተቀይሜያት ነበር። ማሽኑን ካዘዝኩ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ይሄን ታሪክ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አሁን ካነበበችው፣ ይኸው።

እርግጥ አንድ አይደሉም። እኔ ዋጋ ተለጥፎልኝ ነው የከፈልኩት፤ ማንም ያስቀመጠውን ብር አላነሳሁም። ወንድሜ ይሄን ልዩነት በጣም ይወደዋል። ልዩነቱ እውነት ነው። ግን ያን ሌሊት ኤቲኤም ፊት ቆሞ ለጓደኛው የደወለው ልጅ ምን ብሎ ይሆን የጠራው? «ቶሎ ና፣ ሳይባንኑ» ሳይል አይቀርም። ቃላችን አንድ ከሆነ ልቤም ከሱ ብዙ አልራቀም።

አሥራ ሁለት ቀን

እስካሁን ሱቁ መልአክ መስሎ ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ብሬ ከኔ ሲሄድ ሰከንድ አልፈጀበትም። ሲመለስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። «በሥራ ቀናት ነው የሚመለሰው» ይባላል። ስንት የሥራ ቀን? «በቅርቡ።» ወንድሜ 19,400 ብሩ ተይዞበት ዕቃ ማምጣት አቅቶት ሰነበተ። ያኔ ነው እንግዲህ ክርክራችን የሞቀው። «አየህ?» አለኝ። «አንተ በስህተት አንድ ዜሮ ጨምረህ ብትከፍላቸው በማግስቱ ደውለው ይቅርታ ጋሼ፣ ብዙ ከፍለዋል የሚሉህ ይመስልሃል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እነሱ ሲሳሳቱ እኔ ልብላ፤ እኔ ስሳሳት እነሱ ይበላሉ። እኩል ነው።»

መልስ አላጣሁለትም፤ ግን ሙሉ መልስ አልነበረኝም። የሚለው ነገር ግማሹ ልክ ነው። ይሄ ሁሉ የስህተት ወሬ ሻጭ ላይ ሲደርስ ወዲያው ይታረማል፣ ገዢ ላይ ሲደርስ ቅጽ ሙላ ነው። ተሳስቻለሁ ያለ ሰው የስህተቱን ወጪ ራሱ መቻል አለበት፤ ዕቃውን ባይሰጥ እንኳ ብሩን በዚያው ቀን መመለስ ምን ይከብዳል? አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 2015 እዚህ ጋ ደርሰው ነበር። ዩናይትድ አየር መንገድ በዴንማርክ ገንዘብ ምንዛሪ ስህተት ከለንደን የሚነሳ አንደኛ ማዕረግ ትኬት በመቶ ዶላር በማይሞላ ዋጋ ሸጦ ሰረዘ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤታቸው አየር መንገዱ እንዲያከብር አላስገደደውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መመሪያ አወጣ፤ ስህተት ነው ብሎ የሚሰርዝ አየር መንገድ የትኬቱን ብቻ ሳይሆን መንገደኛው ትኬቱን አምኖ ያወጣውን ወጪ፣ ለምሳሌ የማይመለስ የሆቴል ክፍያ፣ ጭምር ይመልስ አለ። ይሄ ለኔ ወግ ያለው ነገር ነው። መሰረዝ ትችላለህ፤ በነጻ ግን አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ያን ቅዳሜ የተዛባው የማሽኑ ዋጋ ብቻ አልነበረም። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር አንዲት ሴት በዚያው ሌሊት ከዚያው አፕ ጁስ መፍጫ ገዝታ ነበር። አፑን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ጁስ ቤት ልትከፍት ጠባብ ቤት ተከራይታለች፣ ዕቁቧ ወጥቶላታል። መፍጫው 3,400 ብር ይላል። ትክክለኛው 3,900 ነበር አሉ። አንድ ገዛች። አንድ! ማን ነው 3,400 አይቶ ይሄ ስህተት ነው የሚል? እሷም ሰኞ ዕለት ለኔ የደረሰው መልእክት ቃል በቃል ደረሳት፤ የዋጋ ስህተት ስለነበረ ትዕዛዝዎ ተሰርዟል።

እዚህ ላይ ነው ከሱቁ ጋር በፍጹም የማልስማማው። የኔና የሷ ትዕዛዝ በአንድ መልእክት መሰረዝ አልነበረበትም። እንግሊዝ አገር ሁለት ታሪኮች አሉ። በፈረንጆቹ 1999 አርጎስ የሚባለው መደብር 300 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ቴሌቪዥን በ3 ፓውንድ ግድም ለጥፎ ሰው ተረባረበበት፤ መደብሩ አልሸጥም ብሎ ጸና። በ2002 መጀመሪያ ደግሞ ኮዳክ 329 ፓውንድ የሚያወጣ ካሜራ በ100 ፓውንድ ለጥፎ፣ ማረጋገጫ ልኮ፣ በኋላ ስህተት ነው አለ። ሰው አለቀቀውም። የበዓል ሰሞን ቅናሽ መስሏቸው ነበር፤ ሊመስልም ይችላል። ኮዳክ በመጨረሻ ካሜራውን ሰጠ። ሦስት ፓውንድ ያየ ሰው በልቡ ሳቅ ብሏል። መቶ ፓውንድ ያየ ሰው ተደስቷል፣ በቃ። እኔ ስቄያለሁ። ጎረቤቴ ተደስታለች።

ለልጅቷ ስልክ መታሁ። እንደገና እኔን ስታገኝ የተነፈሰችው ትንፋሽ እስካሁን ይሰማኛል። ስለ ማሽኑ አይደለም አልኳት፤ የጎረቤቴን ነገርኳት። አለቃዬን ልጠይቅ ብላ ሳትደውልልኝ ቀረች። ጎረቤቴ ግን እኔን አልጠበቀችም። ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ሱቁ ድረስ ሄደች። «አልተጣላሁም» አለችኝ ስትመለስ። «ቁጭ አልኩ። ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰጡኝ።» በ3,400 ብር። ቲክቶክ አላስፈለጋትም።

ብዙ ጊዜ ስህተታቸውን አክብረው ስለሰጡ ድርጅቶች በአድናቆት ይወራል። በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካ ውስጥ ሲክስ ፒኤም የሚባለው የጫማና የልብስ ድረ ገጽ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ውድ ውዱን ዕቃ ሁሉ በ49.95 ዶላር ሲሸጥ አደረ። ከ1.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ ግን ትዕዛዞቹን አልሰረዘም። ጥሩ ነው። ያኔ ግን የግዙፉ የኦንላይን ሻጭ የአማዞን ንብረት ከሆነው ዛፖስ ሥር ያለ ነው፤ ይኸው እኔም ከስንት ዓመት በኋላ በአማርኛ ስሙን እየጠራሁለት ነው። እንዲያ ያለ ማስታወቂያ ርካሽ ነው። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዋጋ የሚያስተካክል ሶፍትዌር ተሳስቶ አማዞን ላይ የሚሸጡ ትንንሽ ነጋዴዎችን ብዙ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ሳንቲም፣ አንድ ፔኒ አደረገው። ለገና ያከማቹት ዕቃ ነው። ከመካከላቸው በቤተሰብ የሚሠሩ ነበሩ። አማዞን ብዙውን ትዕዛዝ ሰረዘ፤ ቀድሞ የተላከው ግን ተላከ። በዚያች ሰዓት ሶፋቸው ላይ ሆነው «ግዛ»ን ሲጫኑ የነበሩት ሰዎች የሚዘርፉት ትልቁን አማዞንን ነው የመሰላቸው። ተኝቶ የነበረው ሌላ ሰው ነው።

እኔም የኛን ሱቅ ባለቤት አላውቀውም። ሀብታም ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፣ ምክንያቱ ያው ደግሞ አፕ ስላለው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የኔ ሁለት፣ የወንድሜ አራት። ስድስት ማሽን ሲባዛ 43,650 ብር፣ 261,900 ብር ነው። ከአንድ ቤተሰብ ብቻ፣ በአንድ ማታ። ለወንድሜ ሳሳየው «እና ኢንሹራንስ የለውም?» አለኝ። ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ማሽኑን ዘንድሮ ዕቁብ ሲወጣልኝ ከዚያው ሱቅ ገዛሁት፣ አንድ፣ በሙሉ ዋጋው። ሄጄ ነው የገዛሁት። ልጅቷን በድምጿ አውቃታለሁ ብዬ የሚያናግሩኝን ሁሉ ሳዳምጥ ነበር፤ ኋላ ጠየቅኩ። ለቃለች አሉኝ። ያን ቅዳሜ ዋጋውን ያስገባችው እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም። አልጠየቅኩም። እናቴ ማሽኑን ሳሎን አስቀምጣ ዳንቴል አልብሳዋለች። በሳፋ ነው አሁንም የምታጥበው።

ባለፈው ወር ያን አፕ ስከፍት አንድ ካውያ 380 ብር ይላል። የ3,800 ካውያ ነው። ይሄኛውንም አውቀዋለሁ። ጣቴ ትንሽ ቆመ፤ አልዋሽም። ከዚያ «ጥያቄ አለዎት?» የምትለዋን ነካሁና «የካውያው ዋጋ ዜሮ የጎደለው ይመስለኛል» ብዬ ጻፍኩ። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ በሥራ ሰዓት እንመልስልዎታለን» የሚል መልስ በዚያው ሰከንድ መጣ። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ሳየው 3,800 ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ማንም የጻፈልኝ የለም።

ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። መልእክቱን አነበበው፤ ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«መጀመሪያ ለኔ አትነግረኝም ነበር?»